የእትዬ አስካለ ቀማሽ

ጡረታ ወጣሁ ስል ሰው ይስቅብኛል። «የሆቴል ወጥ ሠሪ ደግሞ ጡረታ አላት እንዴ?» ይሉኛል። አላት። የመጨረሻው አሠሪዬ መዋጮውን በሥርዓቱ ሲከፍልልኝ ስለነበር ትንሽም ብትሆን በየወሩ ትመጣለች። ስለ ወረቀትና ስለ ደመወዝ ከዚህ በላይ የምለው የለኝም። ያስወጣኝ ዕድሜ ብቻ ሳይሆን ጉልበቴ ነው። የማድ ቤት ወለል ሲሚንቶ ነው፤ ሲሚንቶ ደግሞ ሳይታወቅ የሰው ጉልበት ይበላል።

ቤት ከዋልኩ ወዲህ ልጆቼ «ያንን ሁሉ ዘመን ምን ስትሠሪ ኖርሽ? ጻፊልን» እያሉ ጎተጎቱኝ። እኔም ሳስበው፣ የሠራሁት የተበላ ነገር ነው። አናጢ ወንበሩን፣ ግንበኛ ቤቱን ያሳያል። እኔ የማሳየው የለኝም። ስለዚህ ልንገራችሁ።

የተወለድኩት ፎንቆ አጠገብ ባለች መንደር ነው። ለትምህርት ሆሳዕና አክስቴ ዘንድ መጣሁ፤ አሥራ ሁለተኛን ስጨርስ ግን ውጤቱ አልመጣልኝም። አክስቴ «ወደ መንደር ተመልሰሽ ምን ትሠሪያለሽ? ሥራ እስክታገኚ ሳህን እጠቢ» ብላ መናኸሪያው አጠገብ ወዳለው ወደ አቶ ሄራሞ ሆቴል ወሰደችኝ። አቶ ሄራሞ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ነበሩ። በሆቴላቸው መጠጥ የሚባል አይገባም። ለስላሳ፣ ሻይና ወተት ብቻ ነው። ምግቡ ግን አገር ያወቀው ነበር። ከዱራሜ፣ ከአንጋጫ፣ ከሀቢቾ የመጣ መንገደኛ አውቶብሱ ሊነሳ ሲል እንኳ «ቆይ፣ ሳልበላ አልሄድም» ይል ነበር።

ምግቡን አገር ያወቀው በእትዬ አስካለ ምክንያት ነው። እትዬ አስካለ የጉራጌ ሴት ነበሩ፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ። ባላቸው ከሞቱ በኋላ አንዲት ሴት ልጃቸውን ያሳደጉት በዚያ ማድ ቤት ነው። ኦርቶዶክስ ናቸው፣ ጾም አያፈርሱም። እዚህ ላይ ነው የእኔ ዕድል የተከፈተው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የእኛ አገር ሰው አብዛኛው ፕሮቴስታንት ስለሆነ ረቡዕ ዓርብ አይልም፤ በዐቢይ ጾምም ሥጋ ይበላል። ስለዚህ ሆቴሉ ዓመቱን ሙሉ ፍስክ ይሠራል። እትዬ አስካለ ደግሞ በጾም ቀን ያንን ሥጋ በእጃቸው ያዘጋጃሉ እንጂ በምላሳቸው አይነኩም። ከእኔ በፊት የምትቀምስላቸው ሌላ ሴት ነበረች፤ አግብታ ሄደች። እኔ ገና የሳህን ውኃ ከእጄ ሳይደርቅ፣ አንድ ረቡዕ ቀን ጠሩኝ።

«አንቺ ልጅ፣ ነይ ቅመሺ።»

ቀመስኩ።

«ጨዉስ?»

«ደህና ነው።»

«ደህና የሚባል ጨው የለም። አነሰ ወይስ በዛ?»

ደነገጥኩ። አማርኛዬም ያን ጊዜ የተማሪ ቤት አማርኛ ነው፤ ሲጨንቀኝ ሀዲይኛ ይቀላቀልብኛል። «ትንሽ... አነሰ መሰለኝ» አልኳቸው።

«መሰለኝን ለራስሽ አስቀሪው። ውኃ ጠጪና እንደገና ቅመሺ። ጨው መጀመሪያ ላይ ዝም ብሎ ከዋጥሽ በኋላ ከመጣ፣ በቂ ነው። ገና ምላስሽ ጫፍ ላይ ከጮኸ በዝቷል። ከዋጥሽም በኋላ ካልመጣ አንሷል።»

እንደገና ቀመስኩ። «ከዋጥኩ በኋላም አልመጣም» አልኩ። በሦስት ጣታቸው ጨው ቆንጥረው ጨመሩ። «አሁንስ?» «አሁን መጣ።» ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ወጡ ወጣ። እኔም ከዚያ ቀን ጀምሮ የእትዬ አስካለ ቀማሽ ሆንኩ። በጾም ቀን ብቻ መሆኑ ቀረና ሁልጊዜ አጠገባቸው መቆም ጀመርኩ።

ልማዳቸውን ልንገራችሁ፤ ሙያ ብዬ የያዝኩት ሁሉ የእሳቸው ልማድ ነውና። ሽንኩርት አያስቸኩሉም። መጀመሪያ ያለ ዘይት፣ በራሱ ውኃ፣ በቀስታ። «አዳምጪው» ይሉኛል። «አሁን ይጮኻል፤ ውኃው ሲያልቅ ሹክ ይላል፤ ሹክ ማለቱን ሲተው ዘይቱን ስጪው።» በጾም ቀን ዓይናቸውን ጨፍነው ድስት አጠገብ ጆሯቸውን ዘንበል አድርገው ሲቆሙ፣ የማያውቅ ሰው ጸሎት ላይ ናቸው ይላል። ለክትፎ የሚሆነውን ሥጋ በቢላ ይከትፋሉ እንጂ በማሽን አያስፈጩም። ጅማቱን አንድ በአንድ ያወጣሉ። ቅቤውን ሲያቀልጡ ትንሿን ጣታቸውን ይነክራሉ፤ ጣት የሚችለው ሙቀት መሆን አለበት። ከዚያ ካለፈ ቅቤው ሥጋውን ያበስለዋል፣ ክትፎው ለብለብ ሳይታዘዝ ለብለብ ሆኖ ይወጣል።

ከሁሉ በላይ ግን ሁለት ነገር ነበራቸው። አንደኛው፣ ትእዛዝ ሲመጣ ሳያዩ አይሠሩም። ማድ ቤቱና አዳራሹ መካከል ባለው በር መጋረጃውን ገለጥ አድርገው የታዘዘበትን ጠረጴዛ ያያሉ። ማን ነው? ከየት መጣ? ቸኩሏል? ታሟል? ሁለተኛው፣ የሚመለሰውን ሳህን ያያሉ። «የሚወጣውን ሳህንማ ሁሉም ያያል፤ የሚመለሰው ነው እውነቱን የሚነግርሽ» ይሉ ነበር።

በር ላይ ቆመው ያዩትን አንድ ቀን አልረሳውም።

ሁለት ወንድማማቾች በአባታቸው የእንሰት ቦታ ድንበር ተጣልተው፣ ሽማግሌዎች ሆቴላችን የኋላ ክፍል ውስጥ አስቀምጠዋቸዋል። ሰዎቹ የእኔው አካባቢ ሰዎች ናቸው፤ የሚነጋገሩት በሀዲይኛ ነው። ከጠዋት ጀምሮ ታናሽየው ፊቱን ወደ መስኮት፣ ታላቅየው ወደ ግድግዳ አዙረው በሽማግሌዎቹ በኩል እንጂ እርስ በርስ ቃል አይለዋወጡም። ምሳ ሲደርስ ሽማግሌዎቹ ለሁሉም ክትፎ በቆጮ አዘዙ። እኔ ሥጋውን ላወጣ ስል እትዬ አስካለ መጋረጃውን ገልጠው አዩና «ቆይ» አሉኝ።

«ደርሷል እኮ እትዬ።»

«ይቆይ።»

ቆየ። አስተናጋጁ ሁለት ጊዜ መጣ፣ መለሱት። በመጨረሻ አቶ ሄራሞ ራሳቸው ገቡ። «አስካለ፣ ምን ሆነሻል? ሰዎቹ እኮ ራባቸው!»

«ይራባቸው» አሉ እትዬ አስካለ፣ ቆጮውን በጨርቅ እየሸፈኑ። «አሁን ብናበላቸው ጠግበው ይለያያሉ።»

አቶ ሄራሞ «የሰው ነገር ምን አገባን፣ እኛ ምግብ ነው የምንሸጠው!» ብለው በሩን በኃይል ዘግተው ወጡ። እኔ መጋረጃው ሥር ቆሜ አዳምጣለሁ። ታላቅየው ወንበሩ ላይ ተቁነጠነጠ። ከዚያ በድንገት፣ ለማንም ሳይሆን ወደ አየሩ፣ «የዚህ ቤት ማድ ቤት ተኝቷል እንዴ?» አለ።

ታናሽየው ፊቱን ከመስኮቱ ሳያነሳ «እኔማ ከማለዳ ጀምሮ ውኃ ብቻ ነው የጠጣሁት» አለ።

«ቁርስ አልበላህም እንዴ?»

«ከአንተ ጋር ልጣላ እየመጣሁ ቁርስ ይወርድልኛል?»

 አንዱ ሽማግሌ ሳቅ አመለጣቸው። ታላቅየው ሊቆጣ ፈልጎ ነበር መሰለኝ፤ ግን ሳቁ እሱንም ያዘው። እትዬ አስካለ ወዲያው «አሁን አውጪ» አሉኝ። በየሳህኑ ላቀርብ ስል እጄን ያዙኝ። «ለሁለቱ በአንድ ሳህን።» በአንድ ሳህን አቀረብኩ። ታላቅየው የመጀመሪያውን ጉርሻ ለታናሹ አጎረሰው። የድንበሩ ነገር ያን ቀን አለቀ አልልም፤ ሽማግሌዎቹ ሌላ ቀንም ሲመጡ አይቻለሁ። ግን ከዚያ በኋላ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው አልተቀመጡም።

በኋላ «እንዴት አወቁ እትዬ?» ብዬ ጠየቅኳቸው። «አላወቅኩም» አሉኝ። «የጠገበ ሰው ለጠብ ጉልበት አለው፤ የራበው ይደክመዋል ብዬ ነው። ግን ሁሌ እንዳይመስልሽ፤ አንዳንዱ ሲርበው ይብስበታል።»

ካገባሁ በኋላ ባለቤቴ፣ አስተማሪ ነው፣ ወደ ዱራሜ ተዛወረ። እኔም አብሬው ሄጄ እዚያ አንድ ሆቴል ውስጥ ለብዙ ዓመት ሠራሁ። ስንብት ላይ እትዬ አስካለ አልመረቁኝም፣ አልመከሩኝም፤ ሥጋ የሚከትፉበትን ቢላ ጠቅልለው ሰጡኝ፣ ያ ነው። በዱራሜ የስብሰባና የሥልጠና ምሳ የሚሠራበት ጊዜ ስለነበር፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ብዙ ሰው ማብላት ተማርኩ። ከምባትኛም ለገበያ የሚሆነኝን ያህል ቻልኩ። «ጡማ?» ብዬ ሰላም ስል ቅቤ ሻጮቹ «የሆሳዕናዋ መጣች» እያሉ ቅቤውን አስቀድመው ያስሸትቱኝ ነበር። ሥራው ወደደኝ፣ እኔም ወደድኩት። እትዬ አስካለም በስተርጅና ልጃቸው ዱራሜ ሱቅ ስለከፈተች እዚያው መጥተው አብረዋት መኖር ጀመሩ። እኔ ግን ብዙም ሳይቆይ ከነቤተሰቤ ወደ ሆሳዕና ተመለስኩ።

የመለሰኝ አቶ ተስፋዬ ነው። ከደቡብ አፍሪካ የተመለሰ የእኛው አገር ልጅ ነው። በሰው አገር ሱቅ ውስጥ ስንት ዓመት፣ በስንት ሥጋት ሠርቶ ያጠራቀመውን ይዞ መጥቶ ባለ ብዙ ፎቅ ሆቴል ሠራ። ያን ጊዜ ከተማው ሁሉ እንደዚያ ነበር፤ ባሕር ማዶ ያለው ልጅ ሁሉ ፎቅ ይጀምራል። አቶ ተስፋዬ ቃለ መጠይቅ አላደረገልኝም። «እትዬ አስቴር፣ እዚያ አገር እያለሁ የሚናፍቀኝ አንድ ነገር ነበር» አለኝ። «ምን?» ስለው «አተካና» አለኝ። ቡላው በቅቤና በወተት ሲበስል የሚወጣውን ያን በሀዲያ ዘመን መለወጫ፣ በያሆዴ፣ የሚበላ ምግብ ማለቱ ነው። ሠራሁለት። በልቶ ሲጨርስ «ነገ ይጀምሩ» አለኝ።

እዚያ ነው ማድ ቤት መባሉ ቀርቶ «ኪችን»፣ እኔም ወጥ ሠሪ መባሌ ቀርቶ «ሼፍ» የሆንኩት። አዲሱን ስም ለመልመድ ጊዜ ወሰደብኝ፤ «ሼፍ!» ብለው ሲጠሩኝ ዞሬ ሌላ ሰው እፈልግ ነበር። ምክትሌ ታሪኳ የምትባል የአንጋጫ ልጅ ነበረች፤ በሆቴል ሙያ ከኮሌጅ የተመረቀች፣ ጠንቃቃ፣ ንግግር የማታበዛ። የፒዛ ሊጥ እንዴት እንደሚያርፍ፣ ሥጋ በስንት ዲግሪ እንደሚቀመጥ፣ የጥሬውና የበሰለው መክተፊያ ለምን እንደሚለይ ያስተማረችኝ እሷ ናት። እኔ ደግሞ ሽንኩርት ማዳመጥ አስተማርኳት። መጀመሪያ ላይ ሳቀችብኝ። ከወር በኋላ እሷም ጆሮዋን ዘንበል ስታደርግ አየኋት።

ከዚያ ኮሮና መጣ።

ሆቴሉ ባዶ ሆነ። አዳራሹ ውስጥ ወንበር በወንበር ላይ ተደራርቦ ሳይ አለቀስኩ። አቶ ተስፋዬ ብዙ ሠራተኛ ማሰናበት ግድ ሆነበት፤ ጥቂቶቻችንን ግን አቆየን። በመካከሉ እኔም ታመምኩ። ትኩሳቱ አለፈ፣ ሳሉ አለፈ። ጉንፋን እንዳፈነው አፍንጫዬ ደነዘዘ። ጉንፋን ነው፣ ይለቃል ብዬ አላሰብኩበትም። ምግብም አፌ ላይ ጣዕም አልነበረውም፤ የታመመ ሰው እንዲሁ ነው ብዬ ተውኩት።

ክልከላው ላላ ሲል የመጀመሪያው ትልቅ ሠርግ ወደ እኛ መጣ። የሙሽራዋ አባት ድሮ ከአቶ ሄራሞ ሆቴል ጊዜ ጀምሮ የሚያውቁኝ የሀቢቾ ሰው ናቸው። ራሳቸው ኪችን ድረስ ገብተው «አስቴር፣ ክትፎውን በእጅሽ» አሉኝ። «በእጄ» አልኳቸው።

ሁላችንም በሕጉ መሠረት ማስክ አድርገናል። ታሪኳ ፎቅ ላይ ቡፌውን እያዘጋጀች ነው። ሥጋው ትኩስ ነበር፤ ቢላዬም እጄም የሚያውቁትን ሠሩ። ቅቤው ግን ሆቴሉ ከመዘጋቱ በፊት ከተገዛው የተረፈ ነበር። መብራት በየጊዜው ስለሚጠፋ ፍሪጁ ውስጥ ስንት ጊዜ ቀልጦ ስንት ጊዜ እንደረጋ ማንም አላወቀም። እንደ ልማዴ ከፈትኩት፣ አሸተትኩት፣ ምንም አልሸተተኝም። ምንም አለመሽተቱን ደህና ነው ብዬ ወሰድኩት። አቀለጥኩ፣ ጣቴን ነከርኩ፣ ሙቀቱ ልክ ነበር። በምላሴም ቀመስኩ፤ ጨውና ሚጥሚጣው ትንሽ ተሰማኝ። አዋሃድኩት። ወጣ።

መዘምራኑ እየዘመሩ ነበር። ሳህን መመለስ ሲጀምር ከልማዴ የተነሳ ዞር ብዬ አየሁ። ሙሉ ነው። ሁለተኛው ሙሉ ነው። አንድ ጉርሻ ብቻ የተነሳለት፣ ጠርዙ ላይ የተተፋበት፣ በናፕኪን የተሸፈነ... ሳህኑ ላይ ሳህን እየተደራረበ መጣ። ታሪኳ ከፎቅ እየሮጠች ወረደች። ማስኳን ዝቅ አድርጋ ከድስቱ ቆንጠር አድርጋ ቀመሰች። ፊቷ ተቀየረ። ልትነግረኝ አፈረች።

«ንገሪኝ» አልኳት።

«ቅቤው ተበላሽቷል እትዬ። በጣም ነው የሚሸተው። እንዴት...?» ብላ አቋረጠች። ዓይኔን አይታ ነው ያቋረጠችው። ቅቤው የነበረበትን ዕቃ አንስቼ አፍንጫዬ ውስጥ ልከተው እስክደርስ አስጠጋሁት። ምንም የለም። ባዶ። እንደ ንጹሕ ውኃ።

ያን ቀን ያተረፈን ቡፌው ላይ የነበረው ዶሮና አትክልት ነው፤ ታሪኳ ያለውን ሁሉ አብቃቅታ አወጣች። የሙሽራዋ አባት ግን ወደ ኪችን መጡ። ጮኸው ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ቀስ ብለው «አስቴር፣ ሰው ሲጠይቀኝ ‹አስቴር ናት የምትሠራው› እያልኩ ነበር የጠራሁት» አሉኝና ወጡ። አቶ ተስፋዬ ይቅርታ ጠየቃቸው፣ የከፈሉትንም መለሰላቸው። እኔ ሽርጤን ፈትቼ ሰቀልኩና ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ቤት ውስጥ ሁሉንም ነገር ማሽተት ያዝኩ። ሳሙና፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ጋዝ፣ የልጅ ልጄን ጭንቅላት። ሁሉም አንድ ነው። ሐኪሙ «ይመለስ ይሆናል፣ ላይመለስም ይችላል» አለኝ። ባለቤቴ «ዕድሜሽም ገፍቷል፣ ተይው» አለኝ፤ በቅንነት ነው፤ ግን ያን ሌሊት እንቅልፍ የነሳኝ ከሠርጉ ይልቅ ይህ ቃል ነበር። በሳምንቱ ሚኒባስ ተሳፍሬ ዱራሜ ወረድኩ።

እትዬ አስካለ በልጃቸው ሱቅ በረንዳ ላይ ፀሐይ እየሞቁ ተቀምጠዋል። እግራቸው ደክሟል፤ ጆሯቸው ግን ያው ነው፤ ገና ሳልደርስ በእርምጃዬ አወቁኝ። አጠገባቸው ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኳቸው። ሠርጉን፣ ሳህኖቹን፣ ሰውየው ያሉኝን። 

«አሁን ምን ልታደርጊ ነው?» አሉኝ።

«ምን አደርጋለሁ እትዬ? አፍንጫ የሌላት ወጥ ሠሪ ምን ትሆናለች?»

«እኔ በጾም ጊዜ ምላስ ነበረኝ?»

«አልነበረዎትም።»

«ማን ነበረኝ?»

«እኔ ነበርኩልዎ።»

«እንግዲህ» አሉ፣ ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ እያስተካከሉ። «አንቺስ ማን አለሽ?»

  «ብቻ አትደብቂ» አሉኝ። «እኔ ጾመኛ መሆኔን ቤቱ በሙሉ ያውቅ ነበር። ስለዚህ ማንም በእኔ አልተሰናከለም።»

በማግሥቱ ወደ ሆቴሉ ተመለስኩ። አቶ ተስፋዬ ሠራተኛውን በሙሉ ኪችን ውስጥ እንዲሰበስብልኝ ለመንኩት። በፊታቸው «እኔ አይሸተኝም። ጣዕምም በደንብ አይመጣልኝም። ይመለስ አይመለስ አላውቅም» አልኩ። ጎበዞቹ ወለሉን አዩ። አቶ ተስፋዬ «ታዲያ እትዬ፣ እንዴት ሊሠሩ ነው?» አለኝ።

«ታሪኳ ትቀምሳለች፤ እኔ እጠይቃታለሁ።»

አመነታ። እውነቱን ለመናገር አልፈርድበትም፤ ስሙ ገና ከዚያ ሠርግ አላገገመም። «መጀመሪያ ለሠራተኛ ምግብ ይሞከር» አለ። ተስማማሁ። ታሪኳ ማንኪያ ይዛ አጠገቤ ቆመች።

«ጨዉስ?» አልኳት።

«ደህና ነው እትዬ።»

ሳልፈልግ ሳቄ መጣ። «ደህና የሚባል ጨው የለም» አልኳት። «አነሰ ወይስ በዛ?»

እንደዚያ ሆነን ወራት ሠራን። ከሠራተኛ ምግብ ወደ እንግዳ ምግብ፣ ከዚያ ወደ ግብዣ ተመለስን። የሚገርመው፣ እሷ የምትቀምሰውን በቃል መናገር ስላለባት አስተዋይ ቀማሽ ሆነች፤ እኔም መጠየቅ ስላለብኝ ድሮ እጄ ዝም ብሎ የሚያደርገውን ነገር ለምን እንደማደርገው ማወቅ ጀመርኩ። ዘመኔን ሁሉ ካስተማርኩት ይልቅ በእነዚያ ወራት ያስተማርኩት ይበልጣል።

ሽታዬ የተመለሰው አንድ ቀን ጠዋት ነው። ጓዳው ውስጥ ድንች እየመረጥኩ ሳለ አንድ ነገር አፍንጫዬን ወጋው። ተነሥቼ «ሽንኩርቱ አረረ! ሽንኩርቱ አረረ!» እያልኩ ሮጥኩ። ድስቱ ላይ የነበረው ልጅ ልመታው መስሎት ወደ ኋላ አፈገፈገ። እኔ ግን አንገቱን አቅፌ ሳምኩት። «ተባረክ! ምን ያህል አቃጠልከው!» እያልኩ እስቃለሁ፣ አለቅሳለሁ። ሙሉ በሙሉ አልተመለሰም፤ ቫኒላና ቅርንፉድ እስከ ዛሬ አይለይልኝም። ቅቤ ግን ይለይልኛል። ከዚያ በኋላም ቢሆን ታሪኳ ሳትቀምስ አንድ ሳህን አላወጣሁም።

እኒያ የሀቢቾ ሰው በያሆዴ ሰሞን ሴት ልጃቸውንና አማቻቸውን ይዘው መጡ። ክትፎ አዘዙ። በሩ ላይ ቆሜ አየኋቸው። ታሪኳ ቀመሰች፣ እኔም አሸተትኩ፣ ወጣ። የተመለሰውን ሳህን አየሁት። ባዶ ነበር። ሲወጡ ወደ ኪችን ብቅ ብለው «አስቴር፣ ደህና ዋይ» ብቻ አሉኝ። ለእኔ በቂ ነበር።

ስለ ዛሬው ሥራችን ይጠይቁኛል። ሥራው ከባድ ሆኗል፤ አልዋሽም። ዘይቱ፣ ጤፉ፣ ሥጋው በየሳምንቱ ዋጋው ሌላ ነው፤ ሜኑው ታትሞ ሳይደርቅ ዋጋው ይሰረዛል። ፎቁ በዝቷል፣ እንግዳው ግን በዚያው ልክ አልበዛም፤ ከሠርግ ውጪ ባዶ የሚውል አዳራሽ ብዙ ነው። ያስተማርኳቸው ጎበዝ አስተናጋጆች አንዱ ደቡብ አፍሪካ፣ ሌላዋ ዱባይ ናት። አይፈረድባቸውም። ሆቴሎቹም እርስ በርስ ሜኑ እየተኮራረጁ አንዱ ከሌላው አይለይም፤ ቆጮና አተካና እቤታችን የበቀለ ሆኖ ሳለ «የባህል ምሽት» ካልተባለ አይወጣም። ይህ ያበሳጨኛል። ግን የዛሬ ልጆች ከእኛ የሚበልጡበትም አለ። ንጽሕና ያውቃሉ። ሴት ወጥ ሠሪ በስሟ ተጠርታ አዳራሽ ወጥታ ትመሰገናለች፤ በእኛ ጊዜ እንግዳው የእትዬ አስካለን ስም እንጂ ፊታቸውን አያውቅም ነበር። በልጅነቴ ሳህን እጠቢ ተብዬ የገባሁበት ሥራ ሦስት ልጆች አስተምሮልኛል። ምን እፈልጋለሁ?

እትዬ አስካለ ባለፈው ክረምት አረፉ። ወቅቱ የፍልሰታ ጾም ነበር። እኔና ታሪኳ ዱራሜ ሄደን ለለቀስተኛው የጾም ምግብ ሠራን፤ ልጃቸው ማንንም ሌላ ሰው ድስት አላስነካችም። ያን ቀን ምስር ወጥ ስቀምስ አንዴም ምላሴ አልተሳሳተም።

እኔም ጡረታ የምወጣበት ቀን ደረሰ። አቶ ተስፋዬ ምሳ ሰዓት ላይ ጠራኝና ወደ አዳራሹ ወሰደኝ። መስኮቱ አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ወንበር ስቦ «ይቀመጡ» አለኝ። ስንት ዘመን በሆቴል ኖሬ በእንግዳ ወንበር ላይ ተቀምጬ አላውቅም ነበር። ከዚያ ላይ ሆኜ ኪችኑን ሳይ፣ በሩ ትንሽ ሆኖ ታየኝ። ባለቤቴንና ልጆቼን ሳይነግሩኝ ጠርተዋቸው ኖሯል፤ ገብተው ዙሪያዬን ተቀመጡ። ወጣቱ አስተናጋጅ ነጭ ሸሚዙን አስተካክሎ መጣ።

«ምን ልታዘዝ እትዬ?»

 ይህን ጥያቄ በዕድሜዬ የጠየቀኝ የለም። «ያለውን» አልኩት። አዳራሹ ሳቀ። ከኪችኑ በር የታሪኳ ድምፅ ተሰማ፤ «ሁሉም አለ በሏቸው!»

አተካና መጣ፣ ክትፎ መጣ፣ ጎመን በአይብ መጣ። ባለቤቴ ጸለየ። በላን። ቀና ስል በሩ ላይ መጋረጃው ገለጥ ብሏል፤ ታሪኳ ቆማ ጠረጴዛዬን ታያለች። ዓይን ለዓይን ስንገናኝ በጣቷ ጠየቀችኝ፤ አነሰ ወይስ በዛ? እውነት ለመናገር ክትፎው ላይ ጨው ትንሽ አንሷል። እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ ራሴን ዝቅ አደረግሁላት፤ መጋረጃው ተመለሰ።

በልተን ስንጨርስ እጄ ከልማድ ተነሥቶ ሳህኖቹን መደራረብ ጀመረ፤ ትልቁን ከታች፣ ትንሹን ከላይ። አስተናጋጁ ፈጠን ብሎ መጣና እጄን በሁለት እጁ ያዘው።

«ይተዉት እትዬ አስቴር፣ እኔ አነሳዋለሁ።»

ተውኩለት። እጄን ጭኔ ላይ አስቀመጥኩና እሱ ሲያነሳ ተመለከትኩ።